«ፈተና»፣ «እልህ» ወይስ «መሐላ»?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ የቃላት ወዳጆች። በኮምፒውተር መሣሪያ እየታገዙ ጌም የሚጨርሱ ሰዎች አሉ። ፍሬም በፍሬም (ምስል በምስል) እያቆሙ፣ ሲበላሽባቸው ወደ ኋላ እየመለሱ። አንዳንዶቹ ታዲያ ይህን ቁልፍ አልነካም፣ አልሮጥም ብለው ይነሳሉ። ይህን ምን እንበለው? «ፈተና» ልል ነበር፤ አልጣመኝም።

ፊደሉ፦ አይጥምማ! ፈተና ሌላ ሰው ነው የሚያወጣልህ። ውርርድም አይሆንም፤ ተወራራጅ የለም። እኔ «እልህ» እላለሁ።

ሰዋስው፦ እልህም እኮ የሚያስይዝህ ሰው ይፈልጋል። ደግሞ እልህ የያዘው ይቸኩላል። እነዚህ ግን ትዕግሥታቸው ለጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣውን ሱፐር ማሪዮ 64 የተባለ ጌም የኤ ቁልፍን ሳይነኩ ለመጨረስ የሚታገሉትን እዩ። ኤ እኮ መዝለያዋ ናት! በጌሙ ከሚሰበሰቡት ኮከቦች አንዷን ለማግኘት ባለታሪኩ ማሪዮ ለ12 ሰዓታት ያህል ፍጥነት ሲያጠራቅም ይቆያል። እኔ «መሐላ» ብያለሁ። «ኤን ላልነካ ምያለሁ» ሲባል ጆሮ ይቀበለዋል።

ጠያቂ፦ መሐላ ደስ ይላል። ግን መሣሪያው ሁሉን ካቀለለው ጣዕሙ ምኑ ላይ ነው?

ሰዋስው፦ እዚያው ላይ ነዋ። የጣት ስንፍና ስለቀረ ማሸነፍ ብቻውን አያጓጓም። ሲምሉ ግን አዲስ ጥያቄ ይመጣል፤ እዚህ ቦታ ያለ ዝላይ ይደረሳል ወይ? መልሱ ያለው ጌሙ በሚያሰላበት መንገድ ውስጥ ነው። ለምሳሌ ዊ ለተባለው የጌም መጫወቻ መሣሪያ የወጣው የዚሁ ጌም ቅጂ ቁጥር የሚያጠጋጋው በተለየ መንገድ ነው። በዚህ ምክንያት በአንድ ደረጃ ውስጥ ያሉ ተንሳፋፊ መድረኮች በማይታይ ዝግታ ወደ ላይ ይወጣሉ። 3 ቀን ገደማ ከጠበቅክ መዝለል አያስፈልግህም። ይህን ካልማለ ሰው በቀር ማን ይፈልገዋል?

ፊደሉ፦ ይሁን፣ ተረታሁ። ሜጋ ማን 3፣ 4፣ 5 እና 6 የተባሉትን ጌሞች በአንድ የቁልፍ ቅደም ተከተል፣ አራቱንም በአንዴ የጨረሱትስ? አንዱ ሲዘል ሁሉም ይዘላል። የተከለከለ ቁልፍ የለም፤ ያው መሐላ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ሰዋስው፦ እሱ ሌላ ነው። ትርኢት በለው።

ጠያቂ፦ «ግማሽ መጫን» የሚሉትስ?

ሰዋስው፦ አንዱ አጫጫን ሦስት ነገር አለው፦ መጫን፣ ይዞ መቆየት፣ መልቀቅ። አንዳንድ ቦታ ይዞ መቆየቱ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ቁልፉን ደረጃው ሳይጀመር ተጭነህ ይዘህ ከገባህ፣ ለዚያ ደረጃ ግማሽ ተብሎ ይቆጠርልሃል። በአማርኛ «ይዞ መግባት» ብንለው ማንም ይገባዋል።