በትምህርት ቤት ሜዳ ወደ ሰማይ መተኮስ በቨርጂኒያ ምን ያስከትላል?

የስፕሪንግፊልድ አባት (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ለጁላይ 4 ከቤታችን ጀርባ ባለው ኤለመንተሪ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ልጆቹን ልናጫውት አስበናል። ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ያለው አንድ ወዳጃችን «እንደ አገራችን ሠርግ ሁለት ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ እንለቃለን። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፣ ማን ይጎዳል?» እያለ ነው። ግሪን ካርድ ነው ያለው። እኔ ሐሳቡን አልወደድኩትም፤ ግን በደፈናው ተው ብለው አይሰማኝም። ሕጉ ምን ይላል? ደግሞ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርስ ሽጉጡ መኪናው ውስጥ ነው። ይቻላል?

ፓራሊጋሏ፦
ወንድሜ፣ እኔ ፓራሊጋል፣ ማለትም የጠበቃ ረዳት ነኝ፤ በፍጹም እንዳይተኩስ! የቨርጂኒያ ሕግ ቁጥር 18.2-280 ስለ ትምህርት ቤት ለብቻው ደንግጓል። በኤለመንተሪ፣ በሚድል ወይም በሃይስኩል ሕንፃና ግቢ ውስጥ ሆን ብሎ የተኮሰ ሰው የሚከሰሰው በክላስ 4 ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ነው። የመንግሥትም ሆነ የግል ወይም የሃይማኖት ትምህርት ቤት ለውጥ የለውም። ቅጣቱ ከ2 እስከ 10 ዓመት እስር ነው፤ እስከ 100,000 ዶላር መቀጮም ሊጨመርበት ይችላል። ለመከሰስ ሰው መጎዳት የለበትም። ዝግ ነው ማለትም አያድነውም፤ ሕጉ የሚያየው ግቢውን ነው፣ ሰዓቱን አይደለም። ፈቃዱ እንዲይዝ እንጂ እንዲተኩስ አይደለም። ሥራ ላይ ያለ ፖሊስ፣ በሕግ በተፈቀደ መንገድ ራሱን የተከላከለ ሰው፣ ትምህርት ቤቱ የፈቀደው ፕሮግራም ላይ ያለ ሰው ከዚህ ውጭ ናቸው። የበዓል ተኩስ ግን እዚህ ውስጥ የለም።

የስፕሪንግፊልድ አባት፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። መንገዱን ተሻግሮ ያለው ፓርክስ?

ፓራሊጋሏ፦
ያው ነው። ከትምህርት ቤቱ ወሰን በ1,000 ጫማ፣ ማለትም በ300 ሜትር ገደማ ውስጥ ባለ የሕዝብ ቦታ ላይ መተኮስም ክላስ 4 ፌሎኒ ነው። ከዚያ ርቆ በከተማ መንገድ ላይ ቢተኩስ እንኳ እስከ 12 ወር ያሳስራል።

ታክሲ ነጂው፦
ስለ መኪናው እኔ ልመልስ፤ ሌሊት ስለምሠራ እኔም ፈቃድ አለኝ። ፈቃድ ያለው ሰው ትምህርት ቤቱ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ላይ እስካለ ድረስ ችግር የለበትም። ሽጉጡን እንደታጠቀ ወርዶ ልጁን እስከ በር ከሸኘ ግን ፌሎኒ ነው፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ሊያስቀጣ ይችላል። መኪናው ውስጥ ትቶት ሊወርድ ከሆነ ጥይቱ ወጥቶ ሽጉጡ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። እኔ ልጆቼን ሳደርስ ቤት ሴፍ ውስጥ ቆልፌው ነው የምወጣው። በጃንዋሪ 2023 ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ የ6 ዓመት ልጅ የእናቱን ሽጉጥ ይዞ ሄዶ ክፍል ውስጥ አስተማሪውን አቁስሏል። እናትየውም ታስራለች።

የሲልቨር ስፕሪንግ እህት፦
የግሪን ካርዱን ነገር ማንም አላነሳውም፤ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው። በመሣሪያ ወንጀል መፈረድ በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ዲፖርት ያስደርጋል። እዚህ ስንት ዓመት ኖርኩ ማለት ብቻውን አያድንም። ክስ ላይ ያለ ሰው ካለ ደግሞ፣ ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት ይህ ወረቀቴን ምን ያደርገዋል ብሎ ጠበቃውን ይጠይቅ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ይህን ማስረዳት የወንጀል ጠበቃው ግዴታ ነው ብሏል።

የጎንደር ልጅ፦
እኔ ተኩስ በማይጠፋበት ሠርግ ነው ያደግሁት፤ የወዳጃችሁ ስሜት ይገባኛል። ግን ወደ ላይ የወጣ ጥይት ይወርዳል። እዚያው ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ አጠገብ፣ በጁላይ 4 ቀን 2013 ከአባቱ ጋር ርችት ለማየት ሲሄድ የነበረ የ7 ዓመት ልጅ ከሰማይ በወረደ ጥይት ሞቷል። ሕጉን ስትነግሩት ካልሰማ ይህን ንገሩት፤ እሱም አባት ነው።

የስፕሪንግፊልድ አባት፦
ሁሉንም አሁኑኑ እልክለታለሁ። ሽጉጡን ቤት ካልተወው እኛም አንሄድም። በተኩሱ ፈንታ ርችትስ?

ፓራሊጋሏ፦
በቨርጂኒያ የሚፈነዳውም ወደ ላይ የሚወነጨፈውም ርችት ለግለሰብ አይፈቀድም። የተፈቀደው ዓይነትም ቢሆን የሚለኮሰው በግል ግቢ ውስጥ፣ ባለቤቱ ሲፈቅድ ነው። ሜዳው ላይ ምግቡና ኳሱ ይበቃል፤ እሱንም አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ሲመሽ ከተማው ወደሚያዘጋጀው ርችት ውሰዷቸው።