በ38 ድምፅ የተሸነፈ እጩ ፍርድ ቤት ቢሄድ ተስፋ አለው?

የክላርክስተኗ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አትላንታ ዙሪያ ነው የምኖረው። በዘንድሮው የዲሞክራቶች ፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን የሚለይበት ምርጫ) ለአንድ የካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) ወንበር የሚወዳደር ሰው ደግፌ በር አንኳኩቻለሁ። ሌሊት ነርሲንግ ሆም ሠርቼ፣ ሁለት ሰዓት ሸለብ አድርጌ፣ ወረቀት ሳድል ነው የከረምኩት። ሰውየው በ38 ድምፅ ተሸነፈ። 38! የእድራችን አባል እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

አሁን የቴሌግራም ግሩፑ ተቀውጧል። አንዱ የሞቱ ሰዎች መረጡ ይላል። አንዱ ማሽኑ ነው ይላል። ፍርድ ቤት እንሂድ፣ ለጠበቃ አዋጡ እየተባለ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁት ረጅም ሰልፍ ብቻ ነው። አዎ፣ አንድ ነገር አለ። ሕንጻችን ላይ የሚኖሩ እማማ "ልጄ፣ የነገርሽኝን ሰውዬ ስም ስክሪኑ ላይ አጣሁት" ብለውኛል። ዓይናቸው ደክሞ ነው ብዬ አለፍኩት።

ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ልወቅ። ክሱ ያዋጣል?

ጋሽ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አይዞሽ እህቴ፣ በዚህ ልዩነት መሸነፍ ብርቅ አይደለም። እኛ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድ፣ በ2018 ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን በ77 ድምፅ አሸነፈ። በ2022 እነዚያው ሁለቱ ተገናኙ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው መርጦ ልዩነቱ 35 ሆነ። ብሌር ሁለቱንም ጊዜ ዳግም ቆጠራ ጠየቀ። ሁለተኛው ላይ 35 የነበረው 32 ሆነ፣ በቃ። እሱም ሽንፈቱን ተቀበለ።

ቆጠራና ክስ ለየቅል ናቸው። ቆጠራ ሳጥን ውስጥ የገባውን መልሶ መቁጠር ነው። መግባት ያልነበረበት ገብቶ ከሆነ እሱም አብሮ ይቆጠራል።

ሰነድ አገላባጭ፦
ጠበቃ አይደለሁም። እዚሁ ጆርጂያ አንድ የጠበቃ ቢሮ ፋይል አደራጃለሁ። እንደ ጎረቤት ምክር ውሰጂው።

የሞቱትንም ማሽኑንም ተያቸው። ጉዳዩ ያለው አለፍኩት ያልሽው ላይ ነው፤ እማማ ጋ።

በ2018 በሰሜን ጆርጂያ፣ የግዛቱ ምክር ቤት ወረዳ 28 ላይ፣ ወንበሩን ይዞ የነበረው ዳን ጋሳዌይ በሪፐብሊካን ፕራይመሪ በክሪስ ኧርዊን በ67 ድምፅ ተሸነፈ። በኋላ ሲጣራ ሃበርሻም ካውንቲ ውስጥ የተወሰኑ ሰዎች በስህተት ሌላ ወረዳ ላይ ተመዝግበው የዚያን ወረዳ የምርጫ ወረቀት ተሰጥቷቸው ኖሯል። ቁጥራቸው ከ67 ይበልጣል። እነዚያ ሰዎች ማንን ይመርጡ እንደነበር ማወቅ አላስፈለገም። ውጤቱን አጠራጣሪ ማድረጉ በቃ። ምርጫው ይደገም ተባለ።

ዲሴምበር ላይ ተደገመ። ኧርዊን በ2 ድምፅ አሸነፈ። ሁለት! ጋሳዌይ እንደገና ከሰሰ። ከወረዳው ለቀው የሄዱ ሰዎች መምረጣቸው ታወቀ፣ እሱም ተሰረዘ። ኤፕሪል 2019 ለሦስተኛ ጊዜ ሲመረጥ ኧርዊን በሰፊው ረታ። እንግዲህ ጋሳዌይ ሁለቴ ፍርድ ቤት አሸንፎ ወንበሩን አላገኘም። ይህን ለግሩፑ ንገሪልኝ።

ተንኮል ነበረ ብሎ ማስረዳት ግዴታ አይደለም። የምዝገባ ስህተትም ይሆናል። የተበላሸው ድምፅ ግን ልዩነቱን መሙላት አለበት።

ቀኑን ደግሞ አደራ። በኛ ግዛት ክስ የሚገባው ውጤቱ ከጸደቀ በ5 ቀን ውስጥ ነው። ልዩነቱ ከግማሽ ፐርሰንት ካልበለጠ ዳግም ቆጠራም ይጠየቃል፣ እሱ 2 የሥራ ቀን ብቻ አለው። ሚሲሲፒ ውስጥ በ2014 ክሪስ ማክዳንየል በፓርቲያቸው ፕራይመሪ በሴናተር ታድ ኮክራን ተሸንፎ ማስረጃ ሲለቅም ከረመ። አቤቱታውን ለፓርቲው ሲያስገባ 41 ቀን ሆኖታል። ዳኛው የተፈቀደው 20 ቀን ነበር አለ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም 4 ለ2 አጸናው። ያ ሁሉ ማስረጃ ሳይመረመር ቀረ።

እጩው ባይከስ እንኳ በዚያ ምርጫ የመምረጥ መብት የነበረው ሰው ራሱ መክሰስ ይችላል። ጉዳዩን የሚያየው ዳኛም ከሌላ አካባቢ ነው የሚመደበው፣ የሰፈር ዳኛ ያዳላል የሚለውን ስጋት ተይው።

መጀመሪያ ግን እማማን ጠይቂያቸው። የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት ነበር የወሰዱት? እዚህ የዲሞክራት፣ የሪፐብሊካን፣ ፓርቲ የለሽም አለ። ፓርቲ የለሹን ወስደው ከሆነ ስሙ መጀመሪያም የለበትም።

ዝምታ ወርቅ፦
እኔ አምስት ዶላር አላዋጣም። የተሸነፈ ሁሉ ተዘረፍኩ ይላል። የእድር ሊቀመንበር የመረጥን ጊዜ እንኳ ሦስት ወር ተኮራርፈናል።

የክላርክስተኗ፦
ተመለስኩ። እማማ ቡና አቅርበው ነበር፣ ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልለቀቁኝም። ያወሩት እውነታቸውን ነው። የጠየቁት የዲሞክራት ወረቀት ነው። ማይ ቮተር ፔጅ (መራጭ ምዝገባውን የሚያይበት የግዛቱ ድረ ገጽ) ላይ ስናየው ባንድ ሕንጻ እየኖርን የእሳቸው ወረዳ ሌላ፣ የእኔ ሌላ። በዓይናቸው ስላማሁ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ከዚያ በር በር ሄድኩ። ስሙን አላየንም ያሉ 19 ሰዎች አገኘሁ። ስምንቱ ፓርቲ የለሽ ወረቀት ነው የወሰዱት፣ ተሰረዙ። 11 ቀሩ። ከ38 በጣም ይርቃል። እጩው ዳግም ቆጠራውን ዛሬ ጠይቋል፣ ጋሼ እንዳሉት ግን እነዚህን አይነካም።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንጻ ከእኛ ጋር ባንድ ጊዜ የተሠራ ነው፣ የመንገዱ ስምም አንድ ነው። እዚያ ገና አልሄድኩም። ውጤቱ የጸደቀው ረቡዕ ስለሆነ እስከ ሰኞ ነው ያለን። ዛሬ ማታ ሥራ ነኝ፣ ነገ ጠዋት እጀምራለሁ። እዚያ አብዛኛው ሰው ስፓኒሽ ተናጋሪ ነው። ከዚህ ቤት ስፓኒሽ የሚችልና አብሮኝ የሚያንኳኳ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።