«ተራዘመ» ወይስ «ታደሰ»? የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግሶች

ነጠላ ሰረዝ፦ ዜና ላይ «የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለአራት ወር ተራዘመ» ይባላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ግን «መታደስ» የሚለውን ቃል ነው የሚጠቀመው። የትርጉም ልዩነት አላቸው ወይስ የጋዜጠኛ ምርጫ ነው? መጨረሻው ላይስ «ተነሣ» ነው ወይስ «ተሻረ»?

አራት ነጥብ፦ ልዩነትማ አላቸው። ማራዘም ያለውን መሳብ ነው፤ ቀጠሮም ገመድም ይራዘማል። የሚታደስ ነገር ግን እንደ መንጃ ፈቃድ ነው፣ ቀኑ ሳያልፍ ሰጪው ፊት ካልቀረበ ዋጋ ያጣል። አንቀጹ የፈለገው ይህንን ነው። የመጀመሪያው ዘመን እስከ 6 ወር ሲሆን ከዚያ በኋላ በየ4 ወሩ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያድሰዋል። «ተራዘመ» ሲባል ድምፁ ከዓረፍተ ነገሩ ይጠፋል፤ አዋጁ በራሱ የተለጠጠ ይመስላል።

ሁለት ቃላት ደግሞ ብዙ ሰው ዘሏቸው ያልፋል። አንዷ «እስከ» ናት፦ 6 ወር ጣሪያ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፣ የ2012ቱ የኮሮና አዋጅ ለ5 ወር ነበር። ሌላዋ «በተደጋጋሚ» ናት፤ እድሳቱ ስንት ጊዜ ድረስ እንደሆነ አንቀጹ ገደብ አላስቀመጠም።

ድርብ ሰረዝ፦ መነሻው ላይም ግሶቹ ይደባለቃሉ። የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ የሚያጸድቀው ፓርላማው ነው። እኔ በችግኝ ነው የማየው፦ ታወጀ ማለት ተተከለ፣ ጸደቀ ማለት ያዘ። አዋጁ ለፓርላማው እስኪቀርብ፣ ፓርላማው በሥራ ላይ ከሆነ 48 ሰዓት፣ ዕረፍት ላይ ከሆነ 15 ቀን አለ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የታወጀው በ25 ጸደቀ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው ግን ነሐሴ 8 ነው የጸደቀው፤ የፓርላማው ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ።

አራት ነጥብ፦ ችግኙ ጥሩ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ያሳስታል። ያልጸደቀ ችግኝ ጥላ አይሰጥም፤ ያልጸደቀ አዋጅ ግን በነዚያ 48 ሰዓታት ወይም 15 ቀናት ውስጥ ይሠራል፣ ሰውም ይታሰርበታል። ሁለት ሦስተኛ ካላገኘ ነው ወዲያውኑ የሚሻረው።

ነጠላ ሰረዝ፦ ሁለት ሦስተኛው ከምኑ ነው? ከተገኙት ወይስ ከጠቅላላው?

ድርብ ሰረዝ፦ ክርክሩ የካቲት 23 ቀን 2010 የተነሣው እዚያ ላይ ነው። ፓርላማው የያኔውን አዋጅ ሲያጸድቅ መጀመሪያ 346 ድጋፍ ተባለ፣ በኋላ 395 ተብሎ ታረመ። በወቅቱ አባላቱ 539 ነበሩ፤ ከጠቅላላው ከተቆጠረ 360 ያስፈልጋል። 547ቱ መቀመጫ ሁሉ ቢሞላ ደግሞ 365። ዜና ስታነቡ «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» የሚል ካያችሁ ቁጥሩን ፈልጉ፤ አብላጫ ብቻውን አይበቃም።

አራት ነጥብ፦ አሁን ወደ መጨረሻው። «ተነሣ» መንታ ፍቺ አለው፤ «የአዋጁ ጉዳይ ተነሣ» ብትል ርዕሱ ተወሳ ማለትህ ነው። ለአዋጅ ስንጠቀምበት ከላያችን ላይ ተነሣልን ነው፣ እንደ ሸክም። በጥብቅ ከተወሰደ ቀኑ ሳይሞላ በውሳኔ ሲቀር ነው የሚስማማው፦ ግንቦት 28 ቀን 2010 እና የካቲት 8 ቀን 2014 የሆነው ይህ ነው። ጥር 24 ቀን 2016 ታድሶ የነበረው ግን አራት ወሩ ሲሞላ እንደገና ስላልታደሰ አበቃ፤ «ተነሣ» ለእሱ አይገጥምም። «ተሻረ» የሚባለው ምክር ቤቱ ሳይቀበለው ሲቀር ወይም ሌላ ሕግ ሲተካው ነው። የሚገርመው «ቁስሉ ሻረ» ስንል ዳነ ማለታችን መሆኑ ነው።

ድርብ ሰረዝ፦ አንድ ልጨምር፤ «ሰዓት እላፊ» የአዋጁ ሌላ ስም አይደለም። አዋጁ ከሚፈቅዳቸው ክልከላዎች አንዱ ብቻ ነው፣ እሱ ቀርቶ አዋጁ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ «ሰዓት እላፊው ተነሣ» የሚለውን ሰምታችሁ አዋጁም አብሮ ቀረ አትበሉ።