የሰፈር ጉዳይ በቴሌግራም ይወሰን?

የሂርማታ ልጅ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። የጎርፍ ቦይ የት ይቆፈር የሚለው ስብሰባ ሁሌ በሥራ ሰዓት ነው የሚጠራው፣ የሚመጡትም ያው የሚታወቁት ሰዎች ናቸው። በቴሌግራም ድምፅ ብናሰባስብስ?

ኮደሩ፦ ድምፅ ብቻ ዋጋ የለውም። ታይዋኖች እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ኡበር (በስልክ መኪና ስለሚያስጠራው ድርጅት) የተወያዩበት መድረክ «መልስ ስጥ» የሚል ቁልፍ የለውም። አንዱ ሐሳቡን ይጽፋል፣ ሌላው እስማማለሁ፣ አልስማማም ወይም ልለፈው ብሎ ይጫናል። መሰዳደቢያ የለም በቃ! ሁለቱም ጎራ የተስማማበት ሐሳብም ጎልቶ ይወጣል።

ቡና በጨው፦ ቆይ፣ መርካቶ ጉሊት የሚቸረችሩት እናቶችስ? በተን ስልክ ነው የያዙት። ደግሞ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ስንቱ ሰው ቀረ፣ በአፋን ኦሮሞም ይሁን እንጂ።

ታዛቢ፦ ባርሴሎና እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ነዋሪው ሐሳብ የሚሰጥበት ዴሲዲም የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ትጠቀማለች፣ የአካል ስብሰባውን ግን አላስቀረችም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ወሳኙ አካል ውጤቱን አያለሁ ካላለ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፣ መጀመሪያ እሱን አስፈርሙ።

የሂርማታ ልጅ፦ እሺ፣ በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጃለሁ። ጉሊት ወረቀት ይዞ የሚዞር ማን አለ? ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል።