ለቅበላ ምሳ ካጠራቀምኳቸው ወይኖች የትኞቹን ልክፈት?

የልደታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቅበላ እሁድ ጓደኞቼን ቤት ምሳ ጠርቻለሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ከእኔ ጋር ሰባት እንሆናለን። አንድ አንድ እያልኩ ያጠራቀምኳቸው ወይኖች አሉኝ፤ ቁም ሳጥን ሥር፣ ጨለማ ቦታ አጋድሜ ነው የማስቀምጣቸው። ብዙ አይደሉም። ግን እያንዳንዱ ወይ መርጬ የገዛሁት ነው፣ ወይ ከውጭ የሚመጣ ሰው ለምኜ ያስመጣሁት። አሁን ልከፍታቸው ቆርጫለሁ። ከእነዚህ ልጆች ጋር ያልጠጣሁትን ከማን ጋር ልጠጣው ነው?

ያሰብኳቸው፦ የጀርመን ሪስሊንግ ካቢኔት፣ ነጭ ነው፣ ጣፈጥ የሚለው ዓይነት። ደረቅ፣ ማለትም የማይጣፍጥ፣ የደቡብ አፍሪካ ነጭ ወይን ሸነን ብላን። የ2010 ሪዮሃ ሬዘርቫ፣ የስፔን ቀይ ወይን፣ ዓመቱ በፈረንጅ ነው። የዝዋዩ ሪፍት ቫሊ ሜርሎ፣ ቀይ። እና ገና ወጣት የሆነ የደቡብ አፍሪካው ስቴለንቦሽ ካበርኔ ሶቪኞን፣ እሱም ቀይ።

ምግቡ ዶሮ ወጥ፣ የበግ አልጫ፣ ክትፎ ከነአይቡና ጎመኑ ነው። በየትኛው ልጀምር? ከዶሮ ወጡ ጋርስ የቱ ይሄዳል? ሌላው የጨነቀኝ ነገር፣ ሁለቱ ጓደኞቼ ወይን የሚጠጡት በኮካ ነው። ሪዮሃው ላይ ኮካ ሲጨመር ማየት አልችልም፣ እንግዳዬን በገዛ ቤቴ ማሳፈርም አልፈልግም። አንዷ ደግሞ ጭራሽ አትጠጣም።

ፒያሳ_01፦
ደስ ሲል! መጀመሪያ ሂሳቡን እንያዝ። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። አንዷ ስለማትጠጣ ለስድስት ሲካፈል ለሰው 125 ሚሊ ይደርሳል፣ ጥሩ ልክ ነው። አምስቱንም ከከፈትሽ ግን እያንዳንዱ ሰው 625 ሚሊ ጠጣ ማለት ነው፣ ከሙሉ ጠርሙስ ብዙም አያንስም፣ እና መጨረሻ ላይ የምትከፍቺውን ማንም በደንብ አይቀምሰውም። አራት ይበቃል።

የሚቀረው ካበርኔው ይሁን። ወጣት ካበርኔ ታኒኑ ብዙ ነው፣ ድድና ምላስ ይይዛል፤ በርበሬና ሚጥሚጣ ሲገናኘው ደግሞ ይብስበታል። አልኮልም እንደዚያው ነው፣ ከፍ ባለ ቁጥር የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል። ስለዚህ ለዶሮ ወጡ ሪስሊንጉን አቅርቢ። ካቢኔት አብዛኛውን ጊዜ አልኮሉ ከ8 እስከ 10 በመቶ ገደማ ነው፣ ያቺ ትንሽ ጣፋጭነቱ ደግሞ ቃጠሎውን ታበርዳለች፤ ሽንኩርቱ በደንብ ከተቁላላ ወጡም የራሱ ጣፋጭነት ስላለው ይገጣጠማሉ። ብዙ ሰው ወጥ ቀይ ስለሆነ ወይኑም ቀይ ይሁን ይላል፣ እኔ ግን በፍጹም አልመክርሽም።

እኔ ብሆን ሸነን ብላኑን ሰው እስኪሰበሰብ ከአይብና ከዳቦ ጋር እቀዳለሁ። ቀጥሎ ሪስሊንግ በዶሮ። ከዚያ ሜርሎው በክትፎ፤ ቅቤውና ሥጋው ታኒኑን ያለዝቡታል፣ ሚጥሚጣው ግን ለየብቻ ይቅረብ፣ የፈለገ ይጨምር። ሪዮሃው በበግ አልጫ። እዚያው በአገሩም ከበግ ጋር ነው የሚጠጡት፣ አልጫው ደግሞ ስለማያቃጥል የወይኑን ጣዕም አይሸፍንም። ስለዚህ አልጫውን ከዶሮ ወጡ ጋር አንድ ላይ አታቅርቢው፣ ዘግይቶ ይምጣ።

ሜክሲኮ_አደባባይ፦
በሪዮሃው አልስማማም። ሬዘርቫ ማለት ቢያንስ ሦስት ዓመት የቆየ፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ አንዱን ዓመት በኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ያሳለፈ ወይን ነው። 2010 ደግሞ ሪዮሃ ውስጥ ከምርጦቹ ዓመታት አንዱ ተብሎ የተመዘገበ ነው። ይህን ሰባት ሰው እያወራ፣ እየተጎራረሰ፣ ስልክ እያነሳ ባለበት መክፈት ያሳዝናል። ወይን የሚገባው አንድ ወይ ሁለት ሰው ጥሪና ማታ ረጋ ብላችሁ ጠጡት። ለምሳው ሌላ ቀይ ግዢ።

የድሮ_አስተናጋጅ፦
ልጄ፣ ሆቴል ቤት ወይን እየቀዳሁ ነው የኖርኩት፣ እስቲ እኔም ልናገር። ከላይ ያለው ወንድማችን ስለ ወይኑ ያለው ልክ ነው፣ ስለ ሰዎቹ ያለው ግን አልተዋጠልኝም። ወይን የሚገባው ሰው የሚፈጠረው ጥሩ ወይን ሲቀዳለት ነው። ደግሞ ኮንዶሚኒየም ቁም ሳጥን ምድር ቤት አይደለም፣ ከሰዓት ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ እንዲህ ያለ ቦታ የተቀመጠ የ2010 ወይን ከዚህ በኋላ ቢቆይ የሚጨምረው ነገር የለም፣ መውረድ ነው የሚጀምረው። እሁድ ክፈቺው።

አከፋፈቱን ግን ተጠንቀቂ። ዓርብ ላይ ከተጋደመበት አንሺና አቁሚው፣ አተላው ታች ይቅር። ያረጀ ቡሽ ይሰበራል፣ መክፈቻውን እስከ ውስጥ አስገቢና ሳትነቀንቂ ቀስ ብለሽ ሳቢ። ከተሰበረም አትደንግጪ፣ በንጹሕ የሻይ ማጥለያ ይጠለላል። ያረጀ ወይን ለብዙ ሰዓት ተከፍቶ መቀመጥ አይወድም፣ ሽታው ይበናል፤ አልጫው ሊቀርብ ሲል ክፈቺው። መጀመሪያ አንቺ አሽትቺው። እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ካለ ቡሹ አበላሽቶታል፣ ጤና አይጎዳም ግን ለእንግዳ አይቀርብም። ለዚህ ነው ካበርኔው ቅርብ ቦታ ይቀመጥ የምለው።

ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይጠጣል የሚባለው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ለማለት ነው። የየካቲት ፀሐይ የገባበት ሳሎን ከዚያ በላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። ነጮቹ ከጠዋት ጀምሮ ይቀዝቅዙ፣ መብራት ቢጠፋ በረዶና ውሃ ባልዲ ውስጥ አድርጊላቸው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፣ ማንም ስላላነሳው ነው። ዕጣን! ሪዮሃው ተጠጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ዕጣን አይጨስ፣ ቡናም አይቆላ። ዕጣንም ቡናም እወዳለሁ፣ ግን የወይን ግማሹ ደስታ በአፍንጫ ነው፣ ቤቱ በጭስ ከታፈነ ሪዮሃውም ርካሹም ወይን አንድ ይሆናሉ። ቡናው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያኔ እንደ ልብሽ አጭሺ። ሽቶም ለዚያ ቀን ቀነስ ይበል።

ለማትጠጣዋ ልጅ ብርዝ አዘጋጂላት፣ በወይን ብርጭቆ ይቀዳላት። መኪና ይዞ የመጣ ሰው ካለ ቁልፉን ተቀበይው፣ ራይድ ይጠራለት።

አራት_ኪሎ፦
በኮካ ስለሚጠጡት ብቻ ልጻፍ። ነውር አይደለም። የሪዮሃ ወይን ከሚመረትበት መሬት ከፊሉ የሚገኘው ስፔን ባስክ ውስጥ ነው፣ እዚያው ባስክ ቀይ ወይንን ከኮካ ጋር ግማሽ በግማሽ መደባለቅ የተለመደ ነው፣ ካሊሞቾ ይሉታል። ለዚያ የሚጠቀሙት ግን ርካሹን ወይን ነው። አንቺም አንድ ጉደር ግዢ፣ ከኮካውና ከአምቦ ውሃው ጋር ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፣ ማንም ሳይጠይቅ ራሱ ይቅዳ። ሪዮሃውን ስታመጪ ግን ለሁሉም በአዲስ ብርጭቆ፣ ትንሽ ትንሽ፣ አንቺው ቅጂ። ከየት እንዳመጣሽውና ለምን እንዳስቀመጥሽው በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው። ሰው ታሪኩን ሰምቶ በእጁ የተሰጠው ነገር ላይ ኮካ አይጨምርም። ከጨመረም ዝም በይ። ጓደኛሽ ይበልጣል።

የልደታዋ፦
ምሳው ተበላ! ጋሼ፣ ስለ ዕጣኑ የነገሩኝ ባይኖር ኖሮ በጠዋቱ ነበር የማጨሰው፣ በጣም አመሰግናለሁ። የሪዮሃው ቡሽ እንዳሉት ግማሹ ጠርሙሱ አንገት ላይ ቀረ፣ በማጥለያ አጠለልኩት፣ ምንም አልሆነም። የደረቀ በለስና የቆዳ ሽታ ነበረው፣ ቀለሙ ጠርዙ ላይ ወደ ቡናማ ሄዷል። ከበግ አልጫው ጋር እንዴት እንደሚስማማ ልነግራችሁ አልችልም። ከኮካ ጠጪዎቹ አንዱ ሁለቴ አስቀዳኝ። ሌላኛው ትንሽ ቀመሰና ወደ ጉደሩ ተመለሰ፣ እሱም ደስ ብሎት ዋለ።

ከሁሉም ቀድሞ ያለቀው ሪስሊንጉ ነው። ዶሮ ወጡ ሳያልቅ አለቀ፤ ሌላ የለሽም ወይ እያሉኝ ነበር። ሜክሲኮ፣ ምክርህ ከልብ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ግን ያ ወይን ማታ ለሁለት ሰው ቢከፈት ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው ስለ እሱ ሲከራከር አልሰማም ነበር። ካበርኔው ለፋሲካ ተመልሶ ተጋድሟል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከሜርሎው ሲሶ ያህል ተርፏል፣ ቡሹን መልሼ ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ነገ ጾም ነው፣ እኔ በሁዳዴ አልጠጣም። ምን ያህል ይቆያል?

የድሮ_አስተናጋጅ፦
እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ጎደሎ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ከዚያ ይኮመጥጣል። ዛሬውኑ ለማይጾም ጎረቤት ስጪው፣ ከመጠጣቱ በፊት ትንሽ ከፍሪጅ ወጥቶ ይቆይ በዪው።