የርዕሱ ገጽ ጀርባ ባዶ ነው፤ እስከ ሐሙስ ምን ልጻፍበት?

ጥያቄ — «የመጨረሻዋ ረቂቅ» (የጠያቂዋ የብዕር ስም)

ጤና ይስጥልኝ። መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራንን ተሞክሮ ሁለት ዓመት ስንሰበስብ ቆይተን፣ ውጤቱ 140 ገጽ ያለው መመሪያ ሆኖ ተጠናቅቋል። ሥራው የሦስት ተቋማት ነው፤ ወጪውን የሸፈነው ሌላ ለጋሽ ድርጅት ነው። በወረቀት ይታተማል፤ በፒዲኤፍና በኢፐብ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቅርጽ) በነፃ ይለቀቃል። ማተሚያ ቤቱ «የአይኤስቢኤን ቁጥሩንና የርዕሱን ገጽ ጀርባ (የአሳታሚው፣ የመብቱና የቁጥሩ መረጃ የሚሰፍርበትን) እስከ ሐሙስ ላኩልኝ» ብሏል። የእኔ የርዕስ ገጽ ጀርባ እንደ በረዶ ነጭ ነው። አንድ ባልደረባዬ «ቁጥሩ ከወጣ የቅጂ መብቱም አብሮ ይመዘገባል» ይላል፤ ሌላዋ «በነፃ ለሚታደል ነገር ቁጥር ምን ያደርጋል?» ትላለች። ማንን ልስማ? ለሦስቱ ቅርጾች አንድ ቁጥር ይበቃል? አሳታሚ ተብሎ የሚጻፈውስ ማን ነው?

መልስ — አራሚው

እኅቴ፣ ሁለቱም ተሳስተዋል። አይኤስቢኤን የመጽሐፉ መታወቂያ እንጂ የባለቤትነት ደብተር አይደለም። አከፋፋይ፣ የመጻሕፍት መደብርና ቤተ መጻሕፍት አንዱን መጽሐፍ ከሌላው ሳያምታቱ እንዲያገኙት የተፈጠረ ቁጥር ነው፤ የቅጂ መብት አይሰጥም፣ አይነሣምም። በነፃ መታደሉም ምንም አይለውጥም፤ ነፃ መጽሐፍም ተፈልጎ መገኘት አለበት።

አንድ ቁጥር ለሦስቱ አይበቃም። ለየብቻው የሚቀርብ ቅርጽ ሁሉ የራሱን ይወስዳል፦ ወረቀቱ አንድ፣ ፒዲኤፉ አንድ፣ ኢፐቡ አንድ። መጽሐፉ ሳይለወጥ በድጋሚ ቢታተም ያው ቁጥር ይቀጥላል። የሽፋን ሥዕል መቀየርም አዲስ ቁጥር አይጠይቅም። ይዘቱ በጉልህ ከተሻሻለ ግን አዲስ እትም ነው፤ አዲስ ቁጥር ይፈልጋል።

አሳታሚው ማተሚያ ቤቱ አይደለም፤ ይህን ስሕተት በየዓመቱ አየዋለሁ። አታሚ ቀለሙን ወረቀት ላይ ያሳርፋል፤ አሳታሚ ለይዘቱ ኃላፊነቱን ይወስዳል። ከሦስቱ ተቋማት አንዱን በጽሑፍ ስምምነት መርጣችሁ፣ ቁጥሩን ያ ተቋም ባለበት አገር ካለው የአይኤስቢኤን ኤጀንሲ በስሙ ይጠይቅ። ከወዳጅ ተቋም የተረፈ ቁጥር መዋስ የሚባል ነገር አለ፤ አታድርጉት። በቁጥሩ ውስጥ አሳታሚውን የሚለይ ክፍል ስላለ መጽሐፋችሁ በመዝገብ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ይቀራል።

የመጨረሻዋ ረቂቅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሳታሚው ተቋም ቁጥሮቹን ቀድሞ አውጥቶ ኖሮ አስተባባሪያችን ዛሬ በስልክ አነበበልኝ። የሽፋን ሠራተኛችን ሲያስገባው ግን ባርኮድ የሚሠራው ፕሮግራም የወረቀቱን ቁጥር አልቀበልም አለ። ኤጀንሲው ተሳስቶ ይሆን?

መልስ — መዝገብ ጠባቂ

ኤጀንሲውን ከመጠርጠርዎ በፊት ስልኩን ይጠርጥሩ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁጥሩ 13 አኃዝ ነው፤ የመጨረሻዋ አኃዝ የቀሩትን 12 የምትፈትሽ ዘበኛ ናት። ራስዎ በእርሳስ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ለማስተማሪያ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰውን 978-0-306-40615-7 እንውሰድ። ከግራ ጀምረው አንዱን አኃዝ በ1፣ ቀጣዩን በ3 እያፈራረቁ ያባዙ፦ 9፣ 21፣ 8፣ 0፣ 3፣ 0፣ 6፣ 12፣ 0፣ 18፣ 1፣ 15። ድምሩ 93 ነው። ወደሚቀጥለው አሥር ቤት፣ ማለትም ወደ 100 ለመድረስ 7 ይጎድላል፤ የመጨረሻዋም አኃዝ 7 ናት። የእርስዎ ቁጥር እንዲህ ካልገጠመ አንድ አኃዝ ተሳስቷል ወይም ሁለት ጎረቤታሞች ቦታ ተለዋውጠዋል።

ዘበኛዋ ግን ሁሉን አታይም። ቦታ የተለዋወጡት ጎረቤታሞች ልዩነታቸው 5 ከሆነ፣ ለምሳሌ 1 እና 6፣ ስሕተቱ ሳይያዝ ያልፋል። ስለዚህ ቁጥሩን በስልክ አይቀበሉ፤ ከኤጀንሲው ደብዳቤ ላይ ይቅዱ።

ሌላ ምክር፦ ለፒዲኤፉ ዲኦአይ የሚባለውን ቋሚ የኢንተርኔት መለያም ያውጡለት። ድረ ገጽ ይዘጋል፣ አድራሻ ይቀየራል፣ ፕሮጀክትም ያልቃል፤ በ«10.» የሚጀምረው ይህ መለያ ግን ፋይሉ የት እንደተዛወረ እስከተመዘገበ ድረስ አንባቢውን ወደ አዲሱ ቦታ ይመራዋል። የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ተቋም (ሰርን) የሚያስተዳድረውና ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ዜኖዶ የተባለ የኢንተርኔት ማኅደር ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ከመታተሙ በፊት ቁጥሩን አስይዞ በወረቀቱ ላይ ማሳተምም ይቻላል። ጸሐፊዎቹም ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አኃዝ የጸሐፊ መለያ ያውጡ፤ ነፃ ነው፣ ስማቸው ተመሳሳይ የሆኑ ሰዎችን ይለያል። የእኛ ስም በባዕድ ፊደል በአራት ዓይነት አጻጻፍ ሲጻፍ ላየ ሰው ጥቅሙን ማስረዳት አያስፈልግም።

መልስ — ጡረተኛው ጠበቃ

ቁጥሩ ይቆይና ስለ መብቱ ልናገር። በ1886 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የበርን ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የቅጂ መብት ያለ ምንም ምዝገባና ሥርዓት፣ ሥራው በመፈጠሩ ብቻ ይገኛል። በክብ ውስጥ ያለችው የቅጂ መብት ምልክትም ማሳወቂያ እንጂ የመብቱ ምንጭ አይደለችም። ስለዚህ የእርስዎ ጥያቄ «መብቱን እንዴት እናግኝ?» ሳይሆን «አሁን በማን እጅ ነው?» መሆን ነበረበት።

መልሱ ያለው በውሎቻችሁ ውስጥ ነው። የሦስቱ ተቋማት የትብብር ስምምነት ስለ ውጤቱ ባለቤትነት ምን ይላል? የለጋሹ ውልስ? ብዙ ለጋሾች ባለቤትነቱን ለሠራተኞቹ ትተው የአጠቃቀም ፈቃድ ይወስዳሉ፤ አርማቸው የት እንደሚቀመጥና «ይዘቱ የጸሐፊዎቹን እንጂ የለጋሹን አቋም አያንጸባርቅም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በምን ቃላት እንደሚጻፍ ግን በጥብቅ ይወስናሉ። ያን ዓረፍተ ነገር አታሳምሩት፤ ከውሉ እንዳለ ገልብጡት።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ሥዕሎቹ ናቸው። የምልክት ቋንቋ መመሪያ ያለ ሥዕል አይሆንም። ሠዓሊው የእናንተ ቅጥረኛ ነው ወይስ በቁርጥ ክፍያ የሠራ? ገንዘቡን መክፈል ብቻውን መብቱን አያስተላልፍም፤ በብዙ አገሮች ሕግ የተፈረመ ጽሑፍ ያስፈልጋል። በአንድ ወቅት የተሟገትሁበት ጉዳይ ከዚህ የመጣ ነበር፦ መጽሐፉ ታትሞ፣ ተመርቆ፣ ተሸልሞ፣ ሠዓሊው የፈቀደው ለወረቀቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የኤሌክትሮኒክ ቅጂው ለስምንት ወራት ከድረ ገጽ ወርዶ ቆየ።

የመጨረሻዋ ረቂቅ

ሠዓሊያችን በቁርጥ ክፍያ የሠራች ናት፤ ነገ አስፈርማታለሁ። ለጋሹ «በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ይለቀቅ» ይላል፤ ሌሎች ሥራውን በተወሰነ ሁኔታ እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ የሚፈቅድ ዝግጁ የፈቃድ ዓይነት ነው፤ የትኛው እንደሆነ አልወሰነም። «ለንግድ የማይውል» የሚለውን ልመርጥ ነበር።

መልስ — መዝገብ ጠባቂ

እኔ አልመርጠውም። ምንጭ መጥቀስን ብቻ የሚጠይቀው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ስሪት 4.0) ይሻላል። ክፍያ የሚያስከፍል የግል ትምህርት ቤት መመሪያውን ቢያባዛ «ንግድ» ነው ወይስ አይደለም? ማንም እርግጠኛ ስለማይሆን ጠንቃቃው ሰው ይተወዋል፤ ተጎጂው ልጁ ነው።

መልስ — ጡረተኛው ጠበቃ

በዚህ አልስማማም፤ ሌሎች ሲሸጡት ማየት የማይወዱ ተቋማት አሉ፣ መብታቸውም ነው። በአንድ ነገር ግን እንስማማ፦ ፈቃዱ አንዴ ከተሰጠ አይሻርም። ማሰራጨቱን ማቆም ትችላላችሁ፤ ቀድሞ በእጁ ያስገባው ሰው ግን ፈቃዱን ይዞት ይኖራል። ስለዚህ ሦስቱም ተቋማት ሳይፈርሙ አንዳች ፈቃድ አትጻፉ።

መልስ — ነጭ ወረቀት

ስለ መምህራኑስ ማን ይናገር? ተሞክሯቸውን ሲሰጡ የፈረሙት ለምርምር ነው ወይስ ለኅትመትም? እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ፎቶግራፍም ካለ ለብቻው ይጠየቃል፤ የልጆች ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል።

ስም መቀየር በቂ ነው ብላችሁም አትተማመኑ። እኔ በሠራሁበት አንድ ዘገባ የአንዱን መምህር ስም ቀይረን «በወረዳው ያለው ብቸኛው ወንድ የምልክት ቋንቋ መምህር» ብለን ጻፍን። በዚያ ወረዳ ያነበበው ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ በአንድ አፍታ አወቀው፤ ስለ አለቃው የተናገረውንም ጭምር። «ብቸኛው»፣ «የመጀመሪያዋ»፣ «ትልቁ» የሚሉትን ቃላት በረቂቁ ውስጥ ፈልጋችሁ አንድ በአንድ መርምሩ። እኛ ያወቅነው ከታተመ በኋላ ነው።

መልስ — አራሚው

እኔ የረሳሁት ደግሞ፦ በብዙ አገሮች አሳታሚ የተወሰነ ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የማስረከብ የሕግ ግዴታ አለበት። ብዛቱና ቀነ ገደቡ እንደየአገሩ ነው፤ ነፃ ኅትመትም ብዙ ጊዜ አይቀርለትም። የኅትመቱን ብዛት ሲያዝዙ ያንን ይቁጠሩበት።

የመጨረሻዋ ረቂቅ

ከሐሙስ በፊት እንደማይሆን ገባኝ፤ ማተሚያ ቤቱን እስከ ሰኞ አስፈቅጃለሁ። ቁጥሩን ከደብዳቤው ስቀዳው ጎረቤታሞች ተለዋውጠው ሳይሆን አንድ 4 ጎድሎ ነው የተገኘው፤ አስተባባሪያችን ሲያነብ ዘሎታል። «ብቸኛዋ» የሚል ቃል በሁለት ቦታ አገኘሁ፤ አንዱን ሰረዝሁት፣ ለሌላው መምህርቷን ደውዬ ጠየቅኋትና ይቅርልኝ አለች። ሠዓሊዋ ፈርማለች፤ ሦስቱ ተቋማትም ምንጭ መጥቀስን ብቻ በሚጠይቀው ፈቃድ ተስማምተው ፈርመዋል። ቁጥሮቹን ትቼ የርዕሱ ገጽ ጀርባ ይኸውና፤ እስቲ እዩልኝ፦

የመመሪያው ርዕስ፣ የመጀመሪያ እትም
የጸሐፊዎቹ ስም ከኦርኪድ ጋር
ሥዕል፦ የሠዓሊዋ ስም
አሳታሚ፦ የተመረጠው ተቋም ስምና አድራሻ፣ የኅትመት ዓመት
አይኤስቢኤን፦ ወረቀት፣ ፒዲኤፍ፣ ኢፐብ በየመስመሩ፤ የፒዲኤፉ ዲኦአይ
የቅጂ መብቱ የሦስቱ ተቋማት ነው
በክሪኤቲቭ ኮመንስ ምንጭ መጥቀስ 4.0 ዓለም አቀፍ ፈቃድ የቀረበ
የለጋሹ ዓረፍተ ነገር፣ ከውሉ እንዳለ
መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያለ አሳታሚው ፈቃድ በማንኛውም መንገድ ማባዛት ክልክል ነው

መልስ — አራሚው

የመጨረሻው መስመር ከየት መጣ? ከላይ «አባዙ» ብለው ፈቅደው ከታች «ክልክል ነው» ይላሉ።

የመጨረሻዋ ረቂቅ

የሽፋን ሠራተኛችን ከሌላ መጽሐፍ የገለበጠው ነው። ወጥቷል።