ክርክር፦ አንዲት ግዙፍ ሚሳኤል ተሸካሚ ሰርጓጅ ወይስ ሦስት ትናንሽ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ምናባዊው ባሕር ኃይላችን ክሩዝ ሚሳኤል (እንደ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ የሚበር ሚሳኤል) የሚተኩስ ሰርጓጅ መርከብ እንዲኖረው ባለፈው ተስማምተናል። ዛሬ የምንከራከረው በዓይነቱ ላይ ነው። አገሪቱ የፈጠራ ናት፤ ፊዚክሱ ግን እውነተኛ ይሁን። ሁለት ባሕር አላት። የምሥራቁ ጥልቅ ነው። የምዕራቡ ግን አብዛኛው ቦታ ከ100 ሜትር አይዘልም። ትልቁ የመርከብ መጠገኛ ገንዳ 120 ሜትር ነው። ገንዘቡ ወይ አንዲት ግዙፍ የኒውክሌር ሰርጓጅ ይገዛል፣ ወይ ሦስት በናፍጣና በባትሪ የሚሄዱ። ሥራዋ ከውኃ ሥር ሆና መተኮስ፣ ተኩሳም መትረፍ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፉ።

ነበልባል፦ ግዙፏ ትሁን። ማስረጃም አለኝ። አሜሪካ ከ2002 እስከ 2008 አራት የኦሃዮ ክፍል ሰርጓጆችን ከባለስቲክ ሚሳኤል (ወደ ላይ ተወንጭፎ ሩቅ የሚወድቅ) ወደ ክሩዝ ሚሳኤል ተሸካሚነት ቀየረች። እያንዳንዷ ቶማሃውክ የተባለውን ክሩዝ ሚሳኤል እስከ 154 ትይዛለች። በማርች 2011 ፍሎሪዳ የተባለችው ብቻዋን ሊቢያ ላይ ከ90 በላይ ተኮሰች። በአንዲት መርከብ ይህን ያህል! የአየር መከላከያ የሚሸነፈው በብዛት ነው። አሥር ሚሳኤል ብትልክ አሥሩንም ሊጥልብህ ይችላል። መቶ ስትልክበት ግን መከላከያው ራሱ ጥይት ያልቅበታል። ቦታውንም አትርሱ። ኦሃዮዎቹ ላይ ከ24ቱ የሚሳኤል ቱቦዎች ሁለቱ ለኮማንዶዎች መውጫ ተደርገዋል። ትንሽ መርከብ ላይ ይህን ከየት ታመጣለህ? የእኔ ንድፍ 160 ሜትር ርዝመት፣ 100 ሚሳኤል፣ አንድ ሪአክተር (የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ) ነው።

ብሎን፦ ነበልባል፣ የኦሃዮን ታሪክ ከመሀሉ ጀመርከው። እነዚያ መርከቦች የተሠሩት ትራይደንት ለተባለው ትልቅ ባለስቲክ ሚሳኤል ነው። ቱቦዎቹ ከሁለት ሜትር በላይ ስፋት ስላላቸው ነው ሰባት ሰባት ቶማሃውክ የገባባቸው። ከቀዝቃዛው ጦርነት በኋላ ከ18ቱ 14ቱ ይበቃሉ ተባለ፤ አራቱ ተረፉ። የተረፈውን ነው የቀየሩት። 154 የምትይዝ ሰርጓጅ ከባዶ ልንደፍ ብሎ የተነሳ ሰው አልነበረም። እኛ ደግሞ የሚተርፍ መርከብ የለንም።

ከባዶ የነደፉት ሶቪየቶች ናቸው። አንቴይ የሚባሉት ሰርጓጆቻቸው 154 ሜትር ይረዝማሉ። የሚይዙት ግን 24 ግራኒት ሚሳኤል ብቻ ነበር። ለምን? አንዱ ግራኒት ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል፤ 10 ሜትር ይረዝማል፤ የተሠራውም አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ለመስበር ነው። የመርከቧን ቅርጽ የወሰነው ሚሳኤሉ ነበር። ስለዚህ ቁጥር ከመጥራታችን በፊት የትኛውን ሚሳኤል እንደምንጭን እንወስን።

160 ሜትር መርከብ 120 ሜትር ገንዳ ውስጥ እንደማይገባም ልብ በል።

ነበልባል፦ ገንዳ ይሰፋል። ለአርባ ዓመት የሚያገለግል መርከብ እየነደፍን በገንዳ አንታሰር።

ብሎን፦ እንደሱ ብለው የተቸገሩ አሉ። የስፔንን ኤስ-80 ሰርጓጅ ተመልከት። መጀመሪያ 71 ሜትር ገደማ ነበረች። በ2013 ግንባታው ተጀምሮ ሳለ ክብደቷ ከታሰበው ከ70 ቶን በላይ እንደሚበልጥ ታወቀ። ሰባ ቶን በምድር ላይ ምንም አይደለም። ለሰርጓጅ ግን ጠልቃ መውጣት አለመቻል ማለት ነው፤ ምክንያቱም ክብደቷ ከምትገፋው ውኃ ክብደት ጋር እኩል መሆን አለበት። መፍትሔው ማስረዘም ሆነ፤ 81 ሜትር ገደማ ደረሰች። ስትረዝም ደግሞ መቆሚያዋ ጠበበ። የመጀመሪያዋ መርከብ ርክክብ የተፈጸመው በ2023 መጨረሻ ነው።

ሚሳኤል ሲጨመርበት ይህ ሒሳብ ይብሳል። አንድ ቶማሃውክ ከነማስነሻው 1.5 ቶን ገደማ ነው። ከቱቦው ሲወጣ ባዶው ቦታ በባሕር ውኃ ይሞላል። የገባው ውኃና የወጣው ሚሳኤል እኩል ካልሆኑ ልዩነቱን ታንኮች ወዲያው ማካካስ አለባቸው። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያልክ በተከታታይ ስትተኩስ መርከቧ በዚያው ጥልቀት፣ ሳታዘነብል መቆየት አለባት። ይህ የፓምፕ፣ የቧንቧና የቫልቭ ሥራ ነው። ስለሱ የሚያወራ ሰው ግን ብዙም አላይም።

ጆሮ፦ እኔ ስለ ምዕራቡ ባሕር ልናገር። 160 ሜትር የምትረዝም መርከብ 100 ሜትር ጥልቀት ውስጥ አስቡ። ርዝመቷ ከባሕሩ ጥልቀት ይበልጣል። አፍንጫዋን በ10 ዲግሪ ብቻ ብትደፋ በፊቷና በጅራቷ መካከል 28 ሜትር ገደማ የጥልቀት ልዩነት ይፈጠራል። ጅራቷ ወደ ላይ ሲጠጋ ፕሮፔለሩ ውኃውን ያናውጣል፤ አፍንጫዋ ደግሞ ወደ ወለሉ ይቀርባል። በፍጥነት መታጠፍ፣ በፍጥነት መጥለቅ የለም። ስለዚህ ግዙፏ የምሥራቁ ባሕር መርከብ ብቻ ናት። ከሁለቱ ባሕሮቻችን አንዱን ተውነው ማለት ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ለነበልባል የሚጠቅም ነገር ልጨምር። እስካሁን የተከራከርነው ስለ መተኮሱ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከተኮሱ በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት ናቸው። ሰርጓጅ ሀብቷ አለመታየቷ ነው። ሚሳኤሉ ከውኃ ሲወጣ እሳትና ጭስ አለው፤ ራዳርም ያየዋል። በዚያች ደቂቃ ያለችበት ነጥብ ካርታ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያላት ነገር እግሯ ብቻ ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። በኒውክሌር የምትሄደው በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ቀኑን ሙሉ መሸሽ ትችላለች። በሁለት ሰዓት 74 ኪሎ ሜትር ርቃለች። የባትሪዋ ግን ኃይል ለመቆጠብ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ብትሳብ 15 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ጠላት የሚፈልግበት ክብ ስፋት በርቀቱ ካሬ ነው የሚያድገው። የመጀመሪያዋን ለማግኘት ከ17 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መፈተሽ አለበት። ሁለተኛዋን ለማግኘት ወደ 700 ይበቃዋል። ልዩነቱ 24 እጥፍ ያህል ነው።

ነበልባል፦ ይኸው! እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሪአክተር የሌላት ሚሳኤል ተሸካሚ ተኩሳ የምትሞት መርከብ ናት። ሦስት ቢሆኑ ሦስቱም አንድ አንድ ጊዜ ተኩሰው ያልቃሉ።

መልህቅ፦ ልጆች፣ በሒሳቡ መሀል ሰዎቹ እንዳይረሱ። ሪአክተር ተገዝቶ የሚገጠም ሞተር አይደለም። የሚያንቀሳቅሰውን መኮንን፣ የሚፈትሸውን ተቆጣጣሪ፣ ነዳጁን የሚያስተናግደውን ተቋም አብሮ ይጠይቃል። አውስትራሊያ በሴፕቴምበር 2021 ከአሜሪካና ከብሪታኒያ ጋር የኒውክሌር ሰርጓጅ ስምምነት አስታወቀች። ከአሜሪካ የምትገዛቸው በ2030ዎቹ መጀመሪያ፣ በራሷ ግቢ የምትሠራቸው ደግሞ በ2040ዎቹ መጀመሪያ እንዲደርሱ ነው የታቀደው። ያውም ሀብታም አገር ሆና፣ ሁለት ልምድ ያላቸው ወዳጆች እያገዟት።

ሌላው ነገር ቀላል ነው። አንዲት መርከብ ካለችህ ጥገና ስትገባ ባሕር ላይ ያለህ ምንም ነው። አንዲቷን ሁልጊዜ ባሕር ላይ ለማቆየት ሦስት ያስፈልጋሉ ይባላል፤ አንዷ ትሄዳለች፣ አንዷ ትጠገናለች፣ አንዷ ለሥልጠና ትውላለች። ኦሃዮዎቹ እንኳ ለአንዲት መርከብ ሁለት ሙሉ ቡድን መርከበኛ መድበው ነው የሚሠሩት። እኛ ለአንዷስ የሠለጠነ ሰው አለን?

ጆሮ፦ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ሦስቱ ትናንሽ መርከቦችስ ሦስት ቡድን አይፈልጉም?

መልህቅ፦ ይፈልጋሉ። ግን ቡድኑ ትንሽ ነው፤ ትምህርቱም አጭር ነው። ደግሞም አደጋውን አስቡት። አርጀንቲናዊቷ ሳን ሁዋን በኖቬምበር 2017 ከነ44 ሰዎቿ ጠፋች። በአየር መሳቢያው የባሕር ውኃ ገብቶ ባትሪው አካባቢ እሳት እንደተነሳ አዛዡ ሪፖርት አድርጎ ነበር። የሩሲያዋ ኩርስክ በኦገስት 2000 በራሷ ቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ የሚሄድ ፈንጂ) ፍንዳታ 118 ሰው ይዛ ሰመጠች። አሜሪካዊቷ ትሬሸር በኤፕሪል 1963 ከነ129 ሰዎቿ ቀረች። ከትሬሸር በኋላ አሜሪካኖች ግፊት የሚሸከመውን አካልና ውኃ የሚያስገባውን ቧንቧ ሁሉ፣ እያንዳንዱን ብየዳ ሳይቀር፣ በሰነድ የሚያረጋግጥ ሥርዓት አቋቋሙ። የትኛውንም ብንመርጥ ይህ ሥርዓት ከመጀመሪያው ቀን ይኑረን። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ብሎን፦ ከአፌ ነጠቁኝ። ንድፌን ላቅርብ። 90 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ ወደ 4 ሺህ ቶን፣ 10 ቀጥ ብለው የቆሙ ቱቦዎች። ሕልም አይደለም። ደቡብ ኮሪያ የዚህን ዓይነት ሠርታለች። የመጀመሪያዋ ስድስት ቱቦ ይዛ በኦገስት 2021 አገልግሎት ገባች፤ በቀጣዩ ወር ከውኃ ሥር ሚሳኤል ተኮሰች። የሁለተኛው ዙር መርከቦች ወደ 10 ቱቦ አድገዋል። ኃይሉን ከሊቲየም-አዮን ባትሪና አየር ከማይፈልግ ሞተር እናገኛለን። ጃፓን ከ2020 ጀምሮ ሊቲየም-አዮን የገጠሙ ሰርጓጆች አሏት።

የጆሮን ሒሳብ አልክድም። ግን ባትሪ የሞላች መርከብ የመጀመሪያውን ሰዓት መሳብ የለባትም። አንድ ሰዓት ያህል ትሮጣለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች። ጸጥታዋ ደግሞ ቀላል አይደለም። ስዊድን ጎትላንድ የተባለችውን ትንሽ ሰርጓጅ ከ2005 እስከ 2007 ለአሜሪካ አከራይታ ነበር፤ አሜሪካኖቹ የተከራዩአት እንደሷ ያለችውን ማግኘት እንዲለማመዱ ነው።

ጆሮ፦ በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። አሳዳጁ አውሮፕላን ወዲያው አይደርስም። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ቢበርና ሰፈሩ 1,200 ኪሎ ሜትር ቢርቅ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። 400 ኪሎ ሜትር ላይ ከተኮስን ግን በግማሽ ሰዓት አናታችን ላይ ነው። ያን የማምለጫ ጊዜ የሚሰጠን የሚሳኤሉ ርቀት ነው። ስለዚህ 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መቶ ሚሳኤል ከምትሰጠኝ፣ 1,500 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሠላሳ ስጠኝ። ሚሳኤሉ ደግሞ ዞር ዞር ብሎ መሄድ ይችላል። መንገዱን ወደ ኋላ ተከትለው ወደኛ እንዳይመጡ ማድረግ ይቻላል።

ነበልባል፦ ሠላሳው የሚሠራው ሦስቱ መርከቦች እኩል ከተኮሱ ነው። እንዴት ይነጋገራሉ? ራዲዮ የባሕር ውኃ አይበሳም።

ጆሮ፦ ተራው ራዲዮ አይበሳም፤ በጣም ረጅም ሞገድ ግን ጥቂት አሥር ሜትሮች ይገባል። የሚሸከመው መልእክት ትንሽ ነው። ሰዓትና ኮድ ለመላክ ግን ይበቃል። መርከቦቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ከየብስ አንድ ትእዛዝ ይሰማሉ፤ ቀድሞ በተሰጣቸው ሰዓት ይተኩሳሉ። ከሦስት አቅጣጫ የሚመጣ ሠላሳ ሚሳኤል ደግሞ ከአንድ ነጥብ ከሚመጣው የበለጠ ያስቸግራል።

ነበልባል፦ አንዷ ብትዘገይስ? ውርጅብኙ ተበተነ። ግዙፏ ላይ ይህ ችግር የለም።

ሚዛን፦ እስካሁን እያነበብኩ ነበር። አንድ ጥያቄ ሳይነሳ እንዳያልፍ። ከባሕር የተነሳን ሚሳኤል የሚያይ ጎረቤት ጫፉ ላይ ምን እንዳለ አያውቅም። ኒውክሌር ይሆን ብሎ የሚወስነው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። መቶ ሚሳኤል የምትጭን የኒውክሌር ሰርጓጅ ያለን መሆኑ ብቻ ይህን ፍርሃት ያሳድጋል። ባሕር ኃይላችን ኒውክሌር መሣሪያ እንደማይጭን ቀድሞ በይፋ መናገር፣ ቱቦዎቹም ባለስቲክ ሚሳኤል የማይገባባቸው ጠባብ መሆን አለባቸው። የቱቦ ስፋት ፖለቲካ ነው።

ብሎን፦ በዚህ እስማማለሁ። የቶማሃውክ መጠን ያለው ሚሳኤል ስፋቱ 52 ሴንቲ ሜትር ነው። 53.3 ሴንቲ ሜትር በሆነው የቶርፔዶ ቱቦ ይወጣል። ቱቦዎቹን ለዚህ መጠን ብቻ ብንሠራ ክብደትም እንቆጥባለን።

ነበልባል፦ እኔ አልስማማም። ሰፊ ቱቦ ነገ ለሚመጣው ሚሳኤል ቦታ ይሰጣል። ድሮንም ያስገባል። ዛሬ አጥብበህ ከሠራህ በሃያ ዓመት ውስጥ መርከቧ ታረጃለች።

መልህቅ፦ ለነገ የሚሆን ቦታ በክብደት ይጠበቅ። ሚዛን ለመጠበቂያ የእርሳስ ብረት ይጫናል፤ አዲስ ዕቃ ሲመጣ እርሳሱ ይወጣል። የቆየ አሠራር ነው።

አወያይ፦ እንግዲህ ሦስቱ ትናንሽ መርከቦች ብዙ ደጋፊ አግኝተዋል፤ የነበልባል ተቃውሞም ተመዝግቧል። ለሚቀጥለው ጊዜ ብሎን የ90 ሜትሯን የክብደት ሠንጠረዥ ያምጣ፤ 10 ሚሳኤል በተከታታይ ሲወጣ ታንኮቹ ምን ያህል ውኃ በስንት ሰከንድ እንደሚያንቀሳቅሱ ጭምር። ጆሮ ከሁለቱም ባሕር የመተኮሻ ቦታዎችን ካርታ ላይ ያስቀምጥ። ነበልባል፣ አንተስ?

ነበልባል፦ እኔ ግዙፏን አሳጥሬ እመጣለሁ። 118 ሜትር፣ ገንዳው ውስጥ የምትገባ፣ 40 ቱቦ፣ ከነሪአክተሯ። አሜሪካኖቹ ቨርጂኒያ በሚባሉት አዲሶቹ የኒውክሌር ሰርጓጆች ላይ 40 ቶማሃውክ የሚጭኑት 140 ሜትር ላይ ነው፤ እኔ ከዚያ ምን እንደምቀንስ አሳያችኋለሁ።

ብሎን፦ ከቶርፔዶ ክፍሉ እንዳትቀንስ ብቻ።